የመምህር ገዳሙ ሞት በመሥሪያ ቤቱ አቆጣጠር

የሰውን ዕድሜ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው ሲባል እየሰማሁ አድጌአለሁ። ይህ እምነት የጡረታ መሥሪያ ቤታችንን ድካም ከግምት ያላስገባ መሆኑን የተረዳሁት ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ነው። መሥሪያ ቤቱን በስም አልጠራውም። ሥራውን በትሕትና የሚያከናውን ተቋም ስለሆነ ስሙ ሲነሣ አይወድም።

ባለቤቴ መምህር ገዳሙ በአምበር፣ ኋላም በሉማሜ ታሪክ ሲያስተምር ኖሮ በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ዐረፈ። እኔ እሱን ለማስታመም ሥራዬን ለቅቄ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲያ መተዳደሪያዬ ለሟች ሚስት የሚሰጠው የጡረታ አበል ብቻ ነው። ስለዚህ ዓመት እንዳለፈ፣ ጉዳዩ አለቀ ብዬ፣ ከሉማሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ ፋይሉን ወደያዘችው ሠራተኛ ወደ እየሩስ ሄድኩ። እየሩስ ፈገግታ የማይለያት ወጣት ናት።

«እትዬ፣ አንድ ትንሽ ችግር አለች» አለችኝ። «መምህር ከሞቱ በኋላ ስምንት ዓመት ደመወዝ በልተዋል።»

«ከሞተ በኋላ?»

«አዎ። የሞቱት በ1993 ነዋ።»

«በ2001 ነው የሞተው፣ ልጄ። አጠገቡ ነበርኩ።»

«2001 በፈረንጅ ነው። ወደ እኛ ሲመለስ 1993 ይሆናል።»

«የሐኪሙ ወረቀት ላይ ያለው የእኛ አቆጣጠር ነው።»

«በእንግሊዝኛ ተጽፎ?» አለችና በሐዘኔታ አየችኝ።

አንባቢ የዚህን ጥያቄ ጥልቀት ሳያደንቅ እንዳያልፍ እለምናለሁ። የእኛ ሐኪሞች በሽታውን በእንግሊዝኛ፣ ቀኑን በአበሻ እንደሚጽፉ ታሞ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። መሥሪያ ቤቱ ግን በቅርቡ ስለ ዘመናዊ የመረጃ አያያዝ ሥልጠና ወስዷል። በፈረንጅ ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ቀኑም የፈረንጅ ነው የሚል መርሕም ይዟል። ከ2001 ላይ ስምንት ሲቀነስ 1993 ነው። በስሌቱ ላይ ምንም እንከን አላገኘሁበትም።

በዚህ መሠረት ባለቤቴ ሙት ሆኖ ስምንት ዓመት አስተምሯል። ሙት ሆኖ ፈተና አርሟል። ሙት ሆኖ የተማሪ ወላጅ ሲያስታርቅ አምሽቷል። በአንድ ግምገማ ላይ ደግሞ «የሥራ ተነሳሽነት ይጎድለዋል» ተብሎ ተተችቶ፣ ሳምንት ሙሉ እንደከፋው አስታውሳለሁ። ምክንያቱን ያኔ ቢነግሩት ኖሮ ባልከፋው ነበር።

ስምንት ዓመት የበላው ደመወዝ ከእኔ እንዲመለስ፣ አበሉም እስከዚያው እንዲታገድ ተወስኖ ጠበቀኝ። አቤቱታዬን ለበላዩ መሥሪያ ቤት ላክሁና ወደ እየሩስ አለቃ ወደ አቶ አወቀ ገባሁ። አቶ አወቀ ከወንበራቸው ሳይነሱ ንግግር አደረጉልኝ።

«መሥሪያ ቤታችን ተገልጋዩን ማዕከል ያደረገ፣ ቀልጣፋና ተጠያቂነት የሰፈነበት አሠራር ዘርግቶ በመንቀሳቀስ ላይ የሚገኝ እንደመሆኑ መጠን፣ ሟቹ በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ ያልሞቱ ስለመሆናቸው ማስረጃ ይቅረብ።»

«መቃብሩ ላይ ዓመቱ ተጽፏል።»

«በአማርኛ?»

«በአማርኛ።»

ጥቂት አሰቡና «መቃብሩ ማኅተም የለውም» አሉ።

ስለዚህ ምስክር አመጣሁ። የንስሐ አባታችን መምሬ ደምለው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ከሉማሜ አብረውኝ መጡ።

«አባታችን፣ መምህር ገዳሙ ከ1993 እስከ 2001 በሕይወት ነበሩ?» አሉ አቶ አወቀ።

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ልጄ! በየሁዳዴው እየመጣ ይናዘዝ ነበር። ሙት ሲናዘዝ ሰምቼ አላውቅም።»

«ምን ብለው ነበር የሚናዘዙት?»

«ምናባትህ አገባህ?»

«ዝርዝሩ ካልተገለጠ ምስክርነቱ የተሟላ አይሆንም።»

«የአንተን ዝርዝር ለሌላ ቢሮ ብነግር ደስ ይልሃል? ፍትሐቱን ያደረስኩት እኔ፣ አፈሩንም አስቀድሜ የበተንኩት እኔ! በ1993 ሞተ ካላችሁማ ያ ሬሳ...»

መምሬ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ በመስኮቱ የባሕር ዛፉን አያለሁ። አቶ አወቀም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በልዩ አስተያየት ስምንቱ ዓመት ይመለስላቸው» ብለው እየሩስን አዘዙ።

መሥሪያ ቤቶቻችን ተናበው አይሠሩም የሚሉ ሰዎች ቀጥሎ የሆነውን ሰምተው ይፈሩ። የላክሁት አቤቱታ የደረሰው የበላዩ መሥሪያ ቤትም በበኩሉ ተቆጥቶ ስምንቱ ዓመት በአስቸኳይ እንዲመለስ አዞ ነበር። ትእዛዝ ሁለት ከሆነ አፈጻጸሙም ሁለት ነው።

ትናንት አርብ እየሩስ ገና ከበሩ ስታየኝ ብድግ አለች።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ! ተስተካከለ። ዕዳ የለብዎትም።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አበሉስ መቼ ይጀምራል?»

«የእርስዎ እንኳ አይጀምርም።»

«ለምን?»

«ባለቤትዎ በሕይወት አሉ። እኛ ስምንት መለስን፣ የበላዮቹም ስምንት መለሱ። አሁን የሚሞቱት በ2009 ነው።»

«ዘንድሮ እኮ 2002 ነው፣ ልጄ።»

«ለዚህ ነዋ! የሟች ሚስት አበል ሟች በሌለበት አይከፈልም። የራሳቸውን ጡረታ ራሳቸው ቀርበው ፈርመው ይውሰዱ። መምጣት ካቃታቸው ደግሞ ሠራተኛ ቤት ድረስ እንልካለን፣ አዲስ አገልግሎት ጀምረናል።»

«መምጣትስ አቅቶታል» አልኳት።

«ይማራቸው» አለች ከልቧ።

ሐኪሞች ያቃታቸውን ሁለት መሥሪያ ቤቶች ተባብረው ፈጸሙት። አመስግኜ ወጣሁ። ያለ አበሉ መኖር አልችልምና ሰኞ ተመልሼ እከራከራለሁ። መምሬ ደምለውም፣ ሕይወቱን በመሰከሩበት አፍ፣ በዚያው ወንበር ላይ ሞቱን ይመሰክሩልኛል። ቅዳሜና እሁድ ግን ቢሮው ዝግ ነው።

ወደ ሉማሜ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሰውዬ አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር እያየ «ሰው አለው?» ሲል ጠየቀኝ።

የመንግሥት ውሳኔ በሌላ ውሳኔ እስኪሻር ድረስ የጸና ነው።

«አዎ፣ አለው» አልኩት።