ከአለቃ በላይ የማይነሳ ብረት

ስሙ የተመሰገነ ይሁንና፣ እግዜር ለከተማችን ሁለት ነገር አብዝቶ ሰጥቷታል፤ ሙቀትና አለቃ። ሙቀቱ ክረምት ሲገባ ጋብ ይላል። አለቃውን ግን ክረምትም አልቻለው። አሁን የማወራው ለማማት እንዳይመስላችሁ። ሐሜት ኃጢአት ነው፤ የንስሐ አባቴም አጥብቀው ከልክለውኛል። የማወራው ለምስጋና ነው። የተደረገልንን ሳያመሰግኑ መሞትም ኃጢአት ነው።

ልጄ ካሌብ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት አለቃ አቶ ባንተአምላክ ይባላሉ። እሳቸው ደጋ ለስልጠና ወጥተው ሲመለሱ፣ ሌላው ሰው ቅቤና ማር ይዞ ሲመጣ፣ እሳቸው “ጤናማ ሠራተኛ ለጤናማ አገልግሎት” የሚል ቃል ይዘው መጡ። ወዲያው ስብሰባ ተጠራ። ሁለት ቀን ሙሉ ባለጉዳይ ደጅ ላይ እየተጠበሰ፣ ሠራተኛው ስለ ጤና ተወያየ። በመጨረሻም ከሥራ መልስ ብረት ማንሳት እንዲጀመር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ብረቱ መተማ ዮሐንስ ብየዳ ቤት ተሠርቶ መጣ። ዘንጉ ከአሮጌ ተሳቢ፣ ክብ ክቡ ከትራክተር ቁርጥራጭ ነው። እያንዳንዱ በሰሊጥ ሚዛን ተመዝኖ ኪሎው በነጭ ቀለም ተጻፈበት። ግቢው ውስጥ ካለው ራኩባ ሥር፣ የሣር ዳሱ ጥላ ሥር ማለቴ ነው፣ አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፣ ብረቱ የሚሰቀልበት ሁለት ቋሚ ተተከለ። ካሌብ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ብረት ያነሳ ስለነበር አሠልጣኝ ሆነ።

ማታ ማታ ለእኔም ይነግረኛል።

“ጀማሪ በባዶው ዘንግ ነው የሚጀምረው እማዬ። አነሳሱ ሲስተካከልለት ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። አንድ ቀን ያነሳል፣ አንድ ቀን ያርፋል። ተጋድሞ ከደረቱ የሚያነሳ ደግሞ ከራስጌው ሰው ይቆምለታል። ካቃተው እሱ ይቀበለዋል።”

“ይሄማ ጾም አይደለም እንዴ?” አልኩት። “ሕፃን ጾም ሲለምድ መጀመሪያ እስከ ረፋድ፣ ቀጥሎ እስከ ቀትር ነው። ባንድ ቀን ባሕታዊ የሆነ የለም።”

“በይ እንግዲህ ነገ መጥተሽ ለአለቃዬ ንገሪልኝ” ብሎ ሳቀ።

የመጀመሪያው ቀን አቶ ባንተአምላክ ተጋደሙና አርባ ኪሎ አነሱ። ጭብጨባው ድንበር ማዶ ሱዳን፣ ገላባት ድረስ ተሰማ ይባላል። ቀጥለው ምክትላቸው አቶ አገኘሁ ተጋደሙ። አቶ አገኘሁ የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ትከሻቸው የበር ያህል ነው። የዋህም ናቸው መሰል፣ ሃምሳ ኪሎውን እንደ ትራስ አንስተው “አሁንስ?” አሉ። ማንም አላጨበጨበም። አንዱ ሊያጨበጭብ እጁን ከፍቶ፣ የአለቃውን ፊት አየና በዚያው ዝንብ አባረረበት።

“መልካም” አሉ አቶ ባንተአምላክ፣ ቢሯቸውም ገቡ።

በማግስቱ መመሪያ ወጣ። ጥበብ የሞላበት መመሪያ ነው፤ ለኔ ቢጤ ያልተማረች እንኳ ይገባል። “ክብደት መዋቅሩን ጠብቆ ይነሳል። ማንም ሠራተኛ ከቅርብ አለቃው በላይ ማንሳት አይችልም።” ስለዚህ አለቃ አርባ፣ ምክትል ሠላሳ አምስት፣ ባለሙያ ሠላሳ፣ ጥበቃ ባዶውን ዘንግ። መቼም እኛ አገር ታላቅ ሳይቆርስ ታናሽ ወደ ገበታ እጁን አይሰድም። ለእንጀራ የሠራው ሥርዓት ለብረት የማይሠራበት ምን ምክንያት አለ?

መዝገብ ቤት የምትሠራው ሀኒ ግን፣ አፏ ዝም አይልላትም፣ እጇን አወጣች።

“እኔስ ስንት ላንሳ?”

“አንቺ ብሎኑን ታጠብቂያለሽ።”

“ቅዳሜ ገበያ ማሽላ ስሸከምስ? ከአርባ ኪሎ ካለፈ ፈቃድ ልጠይቅ?”

ይሄን ጊዜ ጌች መለሰላት። ጌች የካሌብ የሥራ ባልደረባ ነው፤ እጁ ለብረት ባይሆንም ለጭብጨባ የተፈጠረ ልጅ ነው። “ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሆነ መመሪያው አይመለከትሽም” አላት፣ ፊቱን እንደ ቄስ አኮሳትሮ።

ታዲያ ካሌብ ጉልበቱ እየጨመረ ሄደ። እንደ ደንቡ ይበላል፣ ያርፋል፣ ይጨምራል። መሥሪያ ቤት ሠላሳ ያነሳና፣ እቤት መጥቶ ጓሮ ውስጥ በቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልቶ የሠራውን መቶ ኪሎ ያነሳል። ሌላው ሰው ሱዳን ድረስ ተሻግሮ ሲደበቅ፣ የኔ ልጅ ጉልበቱን ከሽንኩርት መደብ ጀርባ ደበቀ።

እኔ ደነገጥኩ። ምክንያቱም በዚያ ሰሞን የቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ነበር። ካሌብ ካገኘው እዚሁ ከእኔ ጋር ይቀራል። ካላገኘው ኮኪት ቅርንጫፍ ይላካል። ሌሎቹ ልጆቼ በየአገሩ ተበትነዋል፤ ማታ በሬን የሚያንኳኳ እሱ ብቻ ነው የቀረኝ። እናም ሌላዋ እናት ልጇ እንዲበረታ ስትሳል፣ እኔ ልጄ ደካማ እንዲሆን ለዮሐንስ ጃንጥላ ተሳልኩ። ቅዱሱም እንዲህ ያለ ስለት ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

“አደራህን” አልኩት፣ “ሠላሳዋንም ስታነሳ ትንሽ ተንቀጥቀጥ። ቡድን መሪ እስክትሆን ነው።”

“እየተንቀጠቀጥኩ ነው እማዬ። ትናንትማ አቃስቻለሁ።”

“እሰይ የኔ ልጅ።”

ከበላይ እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ። የብረት ማንሳቱ ሥራ ተሞክሮ ሆኖ ለሌላው ሊሰፋ ነው ተባለ። አቶ ባንተአምላክ ካሌብን አስጠርተው፣

“እንግዶች ፊት አርባ ኪሎ ያንሳል። ስንት ልጨምር?” አሉት።

“ሁለት ኪሎ ተኩል ጌታዬ። ወር ሙሉ ስብሰባ ላይ ሆነው ስላልተለማመዱ፣ እሱም እንዳይበዛብዎ።”

“ሁለት ኪሎ ተኩል! ሽንኩርት ነው የምትመዝንልኝ?”

ጌች ጣልቃ ገባ። “ለእርስዎማ ሰማንያ ምን አላት! አርባዋን እንኳ የሚያነሱት እኛን ላለማሳፈር ነው እንጂ።”

አቶ ባንተአምላክ ፊታቸው በራ። “ይህ ልጅ አርቆ ያያል” አሉ።

የዝግጅቱ ዕለት ቤተሰብም ተጠራና ሄድኩ። ከአለቃው ባለቤት ከማናዬ ጎን ተቀመጥኩ። አቶ ባንተአምላክ ከብረቱ በፊት ንግግር አደረጉ፤ ከብረቱ የከበደው እሱ ነበር። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” አሉ። “ይህ መሥሪያ ቤት አንዱ የሌላውን ሸክም የሚካፈልበት ነው” አሉ። አጨበጨብን። ከዚያ ሰማንያው ኪሎ ሥር ተጋደሙ። ካሌብ ከራስጌያቸው ሊቆም ቢጠጋ “ሂድ ወዲያ፣ እንግዶቹን ትከልላለህ” ብለው አባረሩት።

ብረቱን ከቋሚው አወረዱት። መውረዱንስ በደንብ ወረደ። ደረታቸው ላይ ደረሰና እዚያው ተቀመጠ።

“እህ” አሉ።

ጌች ማጨብጨብ ጀመረ። “ይኸው ተነሳ! ይኸው!”

“አልተነሳም” አሉ ከሥር፣ በቀጭን ድምፅ። “አንሱልኝ።”

አቶ አገኘሁ ብድግ ብለው ደረሱና፣ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ያቺ ሃምሳ ኪሎ ትዝ ብላቸው ነው መሰል፣ እጃቸውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱ። “እኔ ከሠላሳ አምስት በላይ አይፈቀድልኝም” አሉ።

“ካንድ ባለሙያ ጋር ሆነው ያንሱታ!” አለች ሀኒ።

“ሠላሳ አምስትና ሠላሳ ስልሳ አምስት ነው” አለ ጌች፣ ማጨብጨቡን ሳያቆም። “ለሰማንያ አይበቃም።”

“በሦስት ሰው አድርጉታ!”

“ዘጠና አምስት ይመጣል። ያ ደግሞ ከአለቃችን በለጠ። ክልክል ነው።”

እንዲህ ያለ የተማረ ሰው ያለበት መሥሪያ ቤት ያኮራል። እንግዶቹም የዝግጅቱ አካል መስሏቸው በአድናቆት ያያሉ፤ አንደኛው በስልኩ ይቀርጻል። የአቶ ባንተአምላክ ፊት እንደ ከርከዴ ሻይ ቀላ፤ ቀጥሎ እንደ ቆየ ከርከዴ ጠቆረ። ማናዬ ነጠላዋን ነክሳ “የሰው ያለህ!” ትላለች። ሰው ሞልቷል፤ ያነሰው ሥልጣን ነው።

ካሌብን አየሁት። እሱም እኔን ያየኛል። በስንት ልመና ያደከምኩት ልጅ፣ እጁን ጨብጦ የኔን ቃል ይጠብቃል። የቡድን መሪነቱ እዚያች ወንበር ላይ ተኝቷል። ኮኪትም እንደዚሁ። ደግሞ ዮሐንስ ሆይ፣ ከብረቱ ሥር የፈጣሪ ፍጡር አለ።

“ኧረ አንሳው ልጄ!” አልኩ። ድምፄን እኔም አላወቅኩትም። “ነፍስ ነው፣ አንሳው!”

ብድግ አድርጎ፣ እንደ መሶብ ክዳን አንስቶ ቋሚው ላይ ሰቀለው። እንግዶቹ ተነስተው አጨበጨቡ። ይሄን ጊዜ ጌች እጁን አጥፎ ቆመ።

አቶ ባንተአምላክ ተቀመጡ። ውሃ ጠጡ። ሸሚዛቸውን አስተካክለው ማይክ ተቀበሉ።

“ክቡራን እንግዶች” አሉ እያለከለኩ፣ “ያያችሁት የታቀደ ልምምድ ነው። ሠራተኛው በአስቸጋሪ ሁኔታም መመሪያ ማክበሩን ለመፈተን ነው። ደስ ይለኛል፤ ከአንድ ሠራተኛ በስተቀር ሁሉም አልፈዋል።”

በሳምንቱ ጌች ቡድን መሪ ሆነ። ካሌብ ኮኪት ተመደበ። አቶ ባንተአምላክ እንዳሉት፣ “ካሌብ ያየው ድካሜን ነው፣ ጌች ያየው ብርታቴን ነው፤ መሥሪያ ቤት የሚያድገው በጎ በሚያይ ሰው ነው።” እውነት ነው። እኔ ምን አውቄ እከራከራለሁ? ስለቱንም አስገባሁ። ደካማ አድርግልኝ ብዬ ነበር፤ ባይሰጠኝም ነፍስ ተርፏል።

አሁን ልጄ እሑድ እሑድ ብቻ ይመጣል። ባለፈው ቅዳሜ ማናዬ እቤቴ መጣች። ተቀመጠች፣ ስለ ሙቀቱ አወራች፣ ስለ ሰሊጡ ዋጋ አወራች፣ ነጠላዋን አጠፈች ዘረጋች።

“እትዬ ባየሽ” አለችኝ በመጨረሻ፣ “ካሌብ ነገ ይመጣል?”

“እግዜር ካለ ይመጣል። ምነው?”

“እሳቸው ብረቱን እንደገና ሊጀምሩ አስበዋል። ለማንም አይናገሩብኝ እንጂ፣ ካሌብ ከተማ ውስጥ ባለበት ቀን ካልሆነ አልጋደምም ብለዋል።”

“ቡድን መሪው ጌች አለላቸው አይደል? ከራስጌያቸው ይቆማላ።”

“ኧረ ተዉኝ እትዬ ባየሽ! እሱ ያጨበጭባል እንጂ ምን ያነሳል? ባይሆን ካሌብ ሰው ሳያየው በጓሮ በር ገብቶ አጠገባቸው ቢቆምልኝ። ድንገት ብረቱ ቢጫናቸው...”

ጉልበቷን ዳሰስኩላት። የሰው ሚስት ናት፣ አንጀቴን በላችኝ።

“እቆምላቸዋለሁ ይላል፣ አትስጊ” አልኳት። “መቆሙንስ ይቆማል። ማንሳቱን ግን እንጃ ማናዬ። ባልሽ አሳምረው ቀጥተውልኛል፤ አሁን ታዛዥ ሆኗል።”