ጋሼ የትሰማሁት

በየመሥሪያ ቤቱና በየቤተዘመዱ አዲስ ነገር በሰላም እንዳይወለድ ዘብ የሚቆም አንድ ሰው አይጠፋም። ልብስ ገዝተው ቢያሳዩት «ይሄማ አምና ነው የወጣው» ይላል። ቀልድ ቢጀምሩለት መጨረሻውን ቀድሞ ይናገራል። የሦስት ቀን ሕፃን ቢያሳዩት እንኳ «ቁርጥ አጎቱን!» ብሎ የልጁን ዕድል ገና በማለዳው ያበላሽበታል።

እንዲህ ያለው ሰው ባንክ ቤት ቢቀጠር ጉዳቱ ቀላል ነበር። ጣጣው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሙዚቃ ድርሰት ሁለተኛ ዲግሪ የተማረ ዕለት ነው።

ክቡርነታቸው ጋሼ የትሰማሁት ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም አለ፤ እሱን የሚያስታውሰው ግን ሬጅስትራር ብቻ ነው። ሁለት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት ስምንተኛ ዓመታቸውን ይዘውበታል፤ የመመረቂያ ድርሰት ግን አንድም ቀን አቅርበው አያውቁም። ተማሪ አዲስ ሥራውን ሲያሰማ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ «ቆይ፣ ቆይ… ይሄን የት ነው የሰማሁት?» ይላሉ። ከዚያ ያገኙታል። መጀመሪያው ከሬዲዮ ዜና መግቢያ፣ መጨረሻው ከሳሙና ማስታወቂያ። አንዱ ብልጥ ነኝ ባይ ዜማ የሚባል ነገር ጥሎ የፒያኖውን ክዳን ብቻ በጡጫ የሚያስደበድብ ድርሰት ይዞ ቀረበ። «አዎ» አሉ ጋሼ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «የጎረቤቴ በር ነው።»

ተሳስተው ቢሆን ኖሮ ተማሪዎቹ እንዴት በተማረሩባቸው ነበር! ግን ተሳስተው አያውቁም።

አብራቸው የምትማር አንዲት ልጅን ያስመረራትም ይኸው ነበር። የመመረቂያ ድርሰቷ ሁለት ጊዜ ወድቆባታል፤ ሦስተኛ ከወደቀ ደንቡ አንድ ነው፣ መባረር። እናቷ በየሳምንቱ ደውለው «እንዴ፣ ይሄ ድርሰት እስካሁን አልደረሰም?» ይሏታል። ወንድሟ ደግሞ ከጀርባ «ስድስት ዓመት ተምራ አንድ ዘፈን አቃታት!» ሲል ይሰማታል። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀራት ወረቀቷ ባዶ ነበር። ገና አንድ መስመር ሳትጽፍ የጋሼ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ይደውላል፤ ትሰርዘዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት የጋሼ መለማመጃ ክፍል፣ አራት ቁጥር፣ ክፍት ነበር። ላጲስ ልትዋስ ገባች። እሳቸው የሉም። ወንበሩ፣ ወለሉ፣ የፒያኖው ጥርስ ሁሉ የላጲስ ፍርፋሪ ለብሷል። ለካ ክቡርነታቸው በሰው ላይ ከመፍረዳቸው በፊት በራሳቸው ላይ ሲፈርዱ ነው የሚውሉት። ከቆሻሻ ቅርጫቱ አንድ የተጨማደደ ወረቀት አነሣች። አንድ አጭር ዜማ ነው፣ ከሥሩ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ አጃቢ ድምፅ፣ ተጽፎለታል። በአንድ ጣቷ ተጫወተችው፤ ሳታስበው እንባዋ መጣ። «ለማየት ብቻ ነው» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሌባም ሲጀምር ለማየት ብቻ ነው የሚገባው።

ዜማውን ቼሎ ለሚባለው ትልቅ ቫዮሊን ሰጠችው፣ ቤዙን ቀየረችው፣ ዙሪያውን ሞላችው።

የፈተናው ቀን ቼሎው ዜማውን ሲጀምር ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ ወደ ፊት ሰገግ አሉ። ከሦስቱ ፈታኞች ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና «ባለፉት ሥራዎችሽ እንዲህ ያለ ዜማ አላየንም። ከየት መጣ?» አሏት። የኖታ ወረቀቶቿን ደጋግማ ታስተካክል ጀመር። ሰብሳቢው ወደ ፊት ወንበር ዞሩ። «እስቲ አንተ ንገረን፤ ይሄን የት ነው የሰማኸው?»

ጋሼ ተነሡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደ ልማዳቸው ሳይሆን ረጅም ጊዜ ቆዩ። ልጅቱ እናቷን አሰበች፤ ሻንጣዋን ይዛ በራቸውን ስታንኳኳ ታያት።

«የትም» አሉ ጋሼ። «የትም አልሰማሁትም።»

አለፈች፣ ያውም በማዕረግ። እያንዳንዱ ጭብጨባ በጥፊ የመታት ያህል አቃጠላት።

ኮሪደሩ ላይ ሮጣ ደረሰችባቸው። «ጋሼ፣ እኔ…»

«ቤዙን ለምን ቀየርሽው?»

«እንዳይታወቅብኝ ብዬ ነው።» አንገቷን ደፋች። «ለምን ዋሸህልኝ?»

«ማን ዋሸ?» ግድግዳውን ተደገፉ። በአንድ ጊዜ ያረጁ መሰሏት። «የሰው ዜማ መስሎኝ ነው የጣልኩት። መቼም የሰማሁት ነገር ነው ብዬ። ዛሬ ቆሜ ፈለግሁ፣ ፈለግሁ… የማንም አይደለም። የኔው ኖሯል።»

በስምንት ዓመት አንዲት የራሳቸው ነገር ወልደው ነበር፤ እሷም አሁን በሌላ ሰው ስም ማኅተም ተመትቶባታል። ልጅቱ ወደ አዳራሹ ዞረች። «አሁኑኑ ገብቼ እነግራቸዋለሁ!»

«ተይ እባክሽ! አንቺ ትባረሪያለሽ፣ እኔም ሰው የነካው ዜማ ይዤ አልመረቅም።»

ሰድበዋት ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ያን ያህል ዘመን የጠላቻቸውን ሰው በዚያች ደቂቃ እንደ ወንድሟ ወደደቻቸው፤ መውደዷ ደግሞ ከማፈሯ የባሰ አመማት። ጋሼ ወደ አራት ቁጥር ጥቂት ከተራመዱ በኋላ የሆነ ነገር እንደከነከናቸው ሁሉ ቆም ብለው ዞሩ።

«ከሰረቅሽ አይቀር» አሏት፣ «ቤዙንም አብረሽ ብትሰርቂው ምን ነበረበት!»