የሚመክር አፍ አይጎርስም

ባለፈው ሐምሌ ከእንጦጦ ማርያም ኪዳን አድርሼ ወደ ሰፈሬ ሲግናል ስመለስ፣ ክራባት ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ጭቃ ውስጥ ቆመው የሰው ቦይ ሲጠርጉ አየሁ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ነበረች። ወደ ቤቷ ሊገባ የነበረው ጎርፍ በቦዩ መውረድ ሲጀምር፣ ሰውየው አካፋውን ካፖርታቸው ሥር ሸሽገው እንደ ሌባ ሹልክ አሉ።

ክቡር አቶ ሠረቀብርሃን ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የባንክ ጸሐፊ፣ ማንም ሳይሾማቸው የሲግናል የገንዘብ ሚኒስትር።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እቁብ የደረሰው፣ ውርስ የተካፈለ፣ በሬ የሸጠ ሁሉ የብሩን ቋጠሮ ሳይፈታ ወደ እሱ ይሮጣል። እኔም የመጀመሪያ ደሞዜን ይዤ ብሄድ፣ «አሥራትህን አውጣ፤ ከተረፈህ መጽሐፍ ግዛ» ብለውኛል። እግዜር ይስጣቸው።

ምስጢር አያወጡም። ጎረቤታችን ከበበና ሚስቱ የማርያምወርቅ ተደባብቀው ለየብቻ መጡባቸው። ባል፣ «ካወቀች ለዘመዶቿ ትበትነዋለች» አለ። ሚስት፣ «ካወቀ ይጠጣዋል» አለች። ሁለቱም የሚያጠራቅሙት ለጣሪያ ቆርቆሮ ነው! ለሁለቱም «እቤት ተነጋገሩ» አሏቸው፤ ሁለቱም እምቢ አሉ። ጣሪያው ሁለት ክረምት አፈሰሰ፤ እሳቸው ግን ትንፍሽ አላሉም። አንድ ቀን ባልና ሚስቱን ሊጠይቁ ቤታቸው ገብተው ሳሎን ውስጥ ጃንጥላ ዘርግተው ተጫወቱ ይባላል።

ከመከሩት ሰው ቤት ደግሞ ውኃ እንኳ አይቀምሱም። «የሚመክር አፍ አይጎርስም» ይላሉ፤ የጎረሰ አፍ ለአጉራሹ ያደላል ማለታቸው ነው። የላምበረቱ ነጋዴ ጀማለዲን፣ ስኳር እንደ ወርቅ በጠፋበት ጊዜ አንድ ኪሎ ይዞ ቢመጣ መለሱት።

«ጋሼ፣ ለአፍዎ ካልሆነ ለጆሮዎ ልስጠው?» ቢላቸው፣

«ጆሮዬማ ያንተን ወሬ ጠግቧል» አሉት።

ታዲያ ያን የመሰለ ሰው አንድ ምክር ሰበረው።

«ብር ይሟሟል፣ ግድግዳ ይቆማል» ማለት ይወዱ ነበር። እትዬ ብዙነሽ ባሏ ሲሞት የተወላትን ገንዘብ ይዛ ብትመጣ፣ ግቢዋ ውስጥ የሚከራይ ቤት እንድትሠራ መከሯት። ሠራች። ቀለሙ ሳይደርቅ የስልሳ ሰባቱ አዋጅ ወጣና ትርፍ ቤት ሁሉ ተወረሰ። ልጆቼን አስተምርበታለሁ ያለችው ኪራይ ለቀበሌ ሆነ።

አዋጁን ማንም አስቀድሞ አላወቀም፤ ማንም አልወቀሳቸውም። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መምከር ተዉ። ምክር ፈልጎ የሚመጣውን «ሂድና ጸልይ» እያሉ ይሸኙታል። ጸሎቱስ መልካም ነበር፤ ሰፈሩ ግን ብሩን ይዞ ግራ ተጋባ፣ ብዙም በከንቱ ቀለጠ። እኛም ያን ጊዜ ደጃቸውን አንኳኩተን፣ «አይዞዎት፣ አሁንም ይምከሩን» አለማለታችን ይቆጨኛል።

እትዬ ብዙነሽ በየዓመቱ የኅዳር ማርያም ዝክሯ ላይ ትጠራቸዋለች። በየዓመቱ «የሚመክር አፍ አይጎርስም» የምትለዋን ያችኑ ተረታቸውን ይልኩላታል። ዘንድሮ፣ በዓሉ ሲቃረብ፣ እኔን ጠርታ፣

«ቤቱን መንግሥት ወሰደው፤ ወዳጄንስ ማን ወሰደብኝ?» አለችኝ። «ዘንድሮ ካልመጡ ከእንግዲህ አልጠራቸውም። ንገርልኝ።»

ሄጄ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«ለልጆቿ ጉሮሮ የሚሆነውን በኔ ቃል ግድግዳ አድርጋ አጣችው» አሉ። «በምን ዓይኔ ከማዕዷ እቀርባለሁ?»

«ጋሼ፣ ቦዩን ሲጠርጉ አይቼዎታለሁ።»

ደነገጡ። «ነገርካት?»

«ምስጢር መጠበቅ ከማን ተማርኩና! ደግሞስ መምከር ከተዉ ስንት ዓመትዎ ነው? የሚመክር አፍ ካልጎረሰ፣ ያልመከረ አፍ ለምን ይጾማል?»

ሊስቁ ጀመሩና ተዉት። ተነስተው ያንኑ ካፖርት ከግድግዳው አወረዱ፤ ጫፉ ላይ የደረቀውን የሐምሌ ጭቃ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከሰው አንዳች ለምነው የማያውቁት አቶ ሠረቀብርሃን፣ ዓይኔን ሳያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«አንድ ነገር ላስቸግርህ። የማርያም ዕለት አብረኸኝ ሂድ። ደጇ ስደርስ እመለሳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ካፖርቴን ጨብጠህ ያዝና፣ እስክገባ ድረስ እንዳትለቀኝ።»