እማዬ በችሎት መሃል ባሌን ከሞት ያስነሳችበት ቀን

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው። ባል የለኝም። የሞተ ባል ግን ነበረኝ።

ቆይ፣ አትለፉኝ፤ ላስረዳ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ባለመነጽር ጠበቃ ካባዋን ልታሳጥር ጅማ ያለው ልብስ ስፌት ቤቴ ገባች። ለአንድ ኬዝ ነው ከአዲስ አበባ የመጣችው። ሜትሬን ትከሻዋ ላይ ስዘረጋ ትኩር ብላ አየችኝ።

«ይቅርታ፣ ባልሽ እንዴት ሆነ? ከሞት እንደተነሳ ነው?»

ባለቤቴ ጥግ ላይ ሻይ ይጠጣል። ብርጭቆውን አስቀመጠው።

«የቱ ባል?» አለ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ። ሦስት ደንበኛ ቆሟል፣ አንዷ ስልኳን አውጥታለች። እናንተ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ ብዬ ይኸው ፖስት አደረግኩ።

አስረኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁሜ ከእማዬ ጋር እሰፋ ነበር። የቀረውን ትምህርት ከሬዲዮና ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው የተማርኩት። የተማርኩትን ደግሞ ደንበኛ ላይ አራግፈዋለሁ። ካባ ሊያሰፉ የሚመጡ የሕግ ተማሪዎች ነበሩ፣ የዩኒቨርሲቲው የምስለ ችሎት ቲም። የውሸት ክስ ይሰጣቸውና እንደ እውነተኛ ጠበቃ ተከራክረው ይወዳደራሉ።

ሁለት ሰው ያሠለጥናቸዋል። ኮች ብሩክ የተባለ ልጅ እግር አስተማሪ አለ፣ ቁጭ ብሎ ማውራት የማይችል። አማካሪያቸው ደግሞ ጎረቤታችን ጋሽ ከማል ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ። አላህ ይዘንላቸው።

አንድ ቀን ኮች ብሩክ ወሬዬን ሰምቶ፣ «ጋሽ ከማል፣ ምስክራችንን አገኘን!» አለ።

ኬዙ ቀላል ነው። አንድ ነጋዴ ከደዶ ቡና ያስጭናል። ሹፌሩ በቃሉ «ሸራ አለብሰዋለሁ» ይለዋል፣ አያለብስም፣ ቡናው በዝናብ ይበሰብሳል። ነጋዴው ይሞታል። የሹፌሩን ቃል የሰማች ሚስቱ ብቻ ነች። ሚስቱ እኔ ነኝ።

ልምምዳችን ሱቁ ውስጥ ነበር፣ ማታ ማታ፣ እማዬ ቤት ከገባች በኋላ። ቡና ያበበበት ሰሞን ነው፣ በሩን ስንከፍተው ሽታው ይገባል። እኔ ከስፌት መኪናዬ ኋላ እቆማለሁ፣ እሷ የምስክር ሳጥን ነች። ኮች ብሩክ «አልቅሺ፣ ሳግ ጨምሪበት» ይላል። ጋሽ ከማል አንድ ቃል ባስረዘምኩ ቁጥር በከዘራቸው ወለሉን ይመታሉ።

«የተጠየቅሽውን ብቻ፣ ልጄ። ምስክር ነሽ፣ አዝማሪ አይደለሽም።»

የምትጠይቀኝ ከተማሪዎቹ አንዷ ጫልቱ ነበረች፣ የደዶ ልጅ። የምስለ ችሎት ክበቡ ውስጥ ስትገባ ስሟን ሲጠይቋት እንኳ ጣራ ጣራ ታይ ነበር አሉ። አሁን ድምጿ እስከ መንገድ ይሰማል። የሕግ ትምህርት ቤታቸው ኃላፊ፣ ዲኑ፣ ግን «ዘንድሮም ከተሸነፋችሁ ክበቡን እዘጋዋለሁ» ብሏቸዋል። «ከተዘጋ ወደ ጣራዬ እመለሳለሁ» አለችኝ አንድ ምሽት፣ እየሳቀች። ሳቋ ግን የሳቅ አልነበረም።

በደንብ ተለማመድን፣ ወላሂ። መሐላውን እንኳ አስበንበታል። በሐሰት አልምልም ብዬ ስላስቸገርኩ፣ ጋሽ ከማል እጄን ብቻ እንዳነሳ አስፈቀዱልኝ።

አንድ ሰው ብቻ ረሳን። እማዬን።

«የውሸት ፍርድ ቤት ነው፣ ነይና እይኝ» አልኳት፣ አለቀ። ምን ሆኜ እንደምቆም አልነገርኳትም። ማን ያስባል?

ቀኑ ደረሰ፣ አዳራሹ ሞላ። ሦስት ዳኞች፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ተቃራኒ ቲም፣ መሃላቸው አንዲት ቀጭን ባለመነጽር ልጅ። (አዎ፣ የዛሬዋ ጠበቃ።) እማዬ የክት ሻርፗን ለብሳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት።

ጫልቱ ተነሳች። ድምጿ እንደ ደወል።

«ባለቤትዎ የት ናቸው?»

«ሞቷል» አልኩ፣ በሳግ።

«ማል ጄታ ሰዓዳ?» የሚል ድምፅ መጣ። በኦሮምኛ ምን አልሽ ማለቷ ነው፣ ሰዓዳ እኔ ነኝ። «ማነው የሞተው?»

እማዬ ቆማለች።

«አስተግፊሩላህ! ክቡር ዳኛ፣ ልጄ አላገባችም እኮ! ባል ሳታገኝ ባል ስትቀብሩባት ዝም ልበል?»

የመሃል ዳኛው በትሕትና፣ «እናት፣ ይረጋጉ፤ ይሄ ልምምድ ነው» አሉ።

«ሞት ልምምድ አለው እንዴ፣ የኔ ጌታ? መልአክ ቢሰማትስ?»

ልንገራችሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ካሉት እናቶች ግማሾቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። እኛ ሀገር ክፉ ነገር ራስ ላይ አይጠራም። ይሄን የማያውቅ አሠልጣኝ ጅማ ላይ እንዴት ያሠለጥናል?

ባለመነጽሯ ብድግ አለች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሯ ያላገባች መሆኗን ከወላጅ እናቷ ሰምተናል። ባል ከሌለ የሰማችው ቃልም የለም።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ራሴ፣ ያቺ ሐዘንተኛ፣ የምስክር ሳጥን ተብሎ በካባ የተሸፈነውን ጠረጴዛ ይዤ እስቃለሁ።

ያም ሆኖ እንድን ነበር። ጫልቱ እንደ ቆመች ናት፣ ድምጿን አስተካክላ ልትቀጥል። ያን ጊዜ ኮች ብሩክ ከተመልካች ወንበር ዘሎ «ተቃውሞ!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ከማል ኮቱን ጎትተውት ነበር፣ ዘገዩ። ውድድር ላይ አሠልጣኝ ቃል ከተነፈሰ ቲሙ ይቀጣል። ራሱ ነው ያስተማረን ሕጉን።

ዳኞቹ ተጠጋግተው ተነጋገሩ።

«የእናትየውን ንግግር አልሰማንም ብለን አልፈነዋል። የአሠልጣኙን ግን ማለፍ አንችልም።»

ተሸነፍን። በጥቂት ነጥብ።

ውጭ ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ኮች ብሩክ ፊቱን በካባ ሸፍኗል። ጋሽ ከማል ሳቃቸውን ሊውጡ ሞክረው አቃታቸው፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በኖርኩበት ችሎት ሁሉ ለሙት ጠበቃ ሲቆም ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ። ጫልቱ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። አንገቷን ቀና አድርጋ የዛፉን ቅርንጫፍ ታያለች። እማዬ አጠገቧ ቆማ እሷን ታያለች።

እኔ እስከ ዛሬ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እኔን ምስክር ከማድረግ እማዬን ጠበቃ ማድረግ አይሻልም ነበር? ኮሜንት ላይ ፍረዱኝ። ባለቤቴ ገና አልፈረደም፣ የሟቹን ስም እየጠየቀኝ ነው።

ያኔ ከውድድሩ በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት እማዬ ሱቁን ለእኔ ትታ ወጣች። ጋሽ ከማልንና ከሰቃ የመጡ አንድ ሽማግሌ አጎቷን ይዛ ዲኑ ቢሮ ገባች። ዲኑ ወንበር አቀረበላቸው። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የልጆቹ አይደለም። ክበቡን አልዘጋም እስክትለን አንቀመጥም» አለችው። ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። ዲኑም አብሯቸው ቆመ። በመጨረሻ «እሺ» አለ።

እማዬም ተቀመጠች።