ባለ ሁለት አየሩ ሁሴኖ

ሥልጠና ወስዶ የተመለሰን ሰው የሚችል ትከሻ ገና አልተፈጠረም። ሐጅ ደርሶ የመጣ እንኳ ሦስት ወር ካወራ በኋላ ዝም ይላል፤ ኢየሩሳሌም የተሳለመም እንደዚያው። አዳማ ሄዶ ሦስት ቀን የሠለጠነ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን አይመለስም። ሰውነቱ በሚኒባስ ይመጣል፣ ነፍሱ ከሆቴሉ አዳራሽ እንደተቀመጠች ትቀራለች። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየእድሩ አንድ አለ። ስሙ የተጻፈበትን ካርድ ከአንገቱ ለማውለቅ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፣ የተሰጠውን ቦርሳ ገበያ ይዞት ይወጣል፣ ሻይ እንኳ ሲያማስል "አሠራሩን ተከትለን" ይላል።

አሰላ ውስጥ፣ በአዳማ መውጫ በኩል ባለ አንድ የገበሬዎች ስንዴ መጋዘን፣ ይህ ሰው ክቡር ሁሴኖ ነው። "ክቡር" ያለው መንግሥት አይደለም፤ ባንተአምላክ ነው፣ ያውም ከቅናት የተነሣ።

ባንተአምላክ በዚያ መጋዘን ሃያ ሁለት ዓመት ነቀዝ ገድሏል። መድኃኒቱን ክምሩ ላይ አስቀምጦ ሸራ የሚያለብሰው፣ በሩን የሚያሽገው፣ ከሳምንት በኋላ ከፍቶ የሚያናፍሰው እሱ ነበር። መከላከያው አፍንጫው ላይ የሚያስረው እርጥብ ጨርቅና ሥራው ሲያልቅ መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ግማሽ ሊትር ወተት ነበር። ወተት መርዝ ያጥባል ይባላል። ከወተቱም በኋላ ራሱን እያመመው ሲያድር ወተቱ ውሃ ገብቶበታል ብሎ ይጠረጥር ነበር እንጂ ጨርቁን ጠርጥሮ አያውቅም።

አንድ ቀን የመጋዘኑ ኃላፊ ወይዘሮ ነቢላ ጠሩት። "ጋሽ ባንተአምላክ፣ ለመርዙ ሥራ አዲስ መከላከያ ሊሰጡን ነው። አጠቃቀሙን የሚሠለጥን አንድ ሰው አዳማ ላኩ ብለውናል። ይሄዳሉ?"

የባንተአምላክ ልብ ዘለለች። ግን ወግ ያለው ሰው የቀረበለትን ወዲያው አይቀበልም። ምግብ እንኳ ሲቀርብለት መጀመሪያ "በቃኝ" ይላል፤ "በሞቴ" ይባላል፣ "አፈር ስሆን" ይባላል፣ ከዚያ በኋላ ይጎርሳል። ስለዚህ ጺሙን እያሻሸ "እኔን ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ምን ሊያስተምሩኝ ነው? የማያውቁት ይሂዱ እንጂ" አለና "በሞቴ" እስኪባል መጠበቅ ጀመረ።

ወይዘሮ ነቢላ ግን ሥራ የበዛባቸው ሴት ናቸው። "እሺ፣ እንዲያ ከሆነ ሁሴኖ ይሂዳ" ብለው ስሙን ጻፉ። በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ።

ይህን ለማንም ሊነግር አይችልም። ከለከሉኝ እንዳይል ጠይቀውታል። እንቢ ብዬ ነው እንዳይል፣ ማን እንቢ በል አለህ ይሉታል። ከቅናት ሁሉ የሚያቃጥለው ጥፋተኛው ራስህ የሆንክበት ነው።

ሁሴኖ በአራተኛው ቀን አንድ ትልቅ ካርቶን ታቅፎ ተመለሰ። ከካርቶኑ ፊትን ሙሉ የሚሸፍን፣ ባለ መስታወት ጭንብል ወጣ። ከጭንብሉ ረጅም ጎማ ተያይዟል። የጎማው ጫፍ ደጅ ከሚቀመጥና ንጹሕ አየር ከሚነፋ ሞተር ጋር ይገጠማል። ጎኑ ላይ ደግሞ ቆርቆሮ የሚመስል ማጣሪያ አለው። ሁሴኖ ሠራተኛውን ሰብስቦ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይህ ተራ ማስክ አይደለም። ሁለት አየር አለው። አንዱ በጎማ ከውጭ የሚመጣ አየር ነው። እሱ ቢቋረጥ ይቺን ቁልፍ አዞርና እዚያው ያለውን አየር በማጣሪያ እየሳብኩ እወጣለሁ። በሥልጠናው ላይ እንደተባለው፣ ማጣሪያው መውጫ ነው እንጂ መኖሪያ አይደለም።"

ባንተአምላክ ማታ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለወለተ ማርያም "ፍጥረት ሁሉ በአንድ አየር ሲኖር ክቡር ሁሴኖ በሁለት መኖር ጀምረዋል" አላት።

ከዚያ ወዲያ ሰላም ጠፋ። መጀመሪያ የጠፋው ወተቱ ነው። ሁሴኖ ለኃላፊዋ ባቀረበው ሪፖርት "ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ፣ ጋዝ የሚሄደው ወደ ሳንባ፤ መንገድ ላይ አይገናኙም" ብሎ አስቀረው። ባንተአምላክ ከጎሚስታው ቤት ኮምፕሬሰር አየር ብንስብስ የሚል ሐሳብ ቢያመጣ፣ "ጋሽ ባንቴ፣ የእሱ አየር ዘይት ዘይት ይላል፤ ለጎማ እንጂ ለሰው አይሆንም። በሥልጠናው ላይ ተነሥቶ ነበር" ተባለ። በሥልጠናው ላይ ያልተነሣ ነገር የለም። ዝናብ ሲዘንብም "ተነሥቶ ነበር" ይላል።

የፊት ነገርማ አይወራ። ጭንብሉ ጺም ባለበት ፊት ላይ በደንብ አይገጥምም፣ አየር ያሾልካል። ስለዚህ ሁሴኖ በየጠዋቱ ተላጭቶ እንደ እንቁላል እያበራ ይመጣል፤ ሰውንም በፊቱ መመዘን ጀመረ። ኢተያ ሰርግ ተጠርተው ሄደው፣ ሁሉም ሙሽሪትን ሲያይ ሁሴኖ ሙሽራውን ትኩር ብሎ አየና "ማሻአላህ! ጉንጩ ለጭንብል የተፈጠረ ነው፤ ወላሂ ጠብታ አያሾልክም" አለ። ባንተአምላክ ሠላሳ ዓመት ያሳደገውን ጺሙን በነጠላው ሸፈነ።

ከሁሉ የከፋው ግን አዲሱ ደንብ ነው። ጭንብሉን ያጠለቀው ሲገባ፣ ሌላ ሰው ደጅ ሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ አየሩን ይጠብቃል። ከገባው ሰው ወገብ ላይ የታሰረውን ገመድም ይይዛል። ያ ሌላ ሰው ባንተአምላክ ሆነ።

"አንዴ ከሳብኩ ደህና ነኝ ማለት ነው፤ እርስዎም አንዴ ይመልሱልኛል። ሁለቴ ከሳብኩ ጎማ ይልቀቁልኝ። ሦስቴ ከሳብኩ ሰው ይጥሩ። እርስዎ ግን እንዳይገቡ!" አለው ሁሴኖ።

"ሃያ ሁለት ዓመት ስገባ የኖርኩበትን ቤት?"

"ኤዬ፣ አዎ፣ እሱንም። በሥልጠናው ላይ እንደተባለው፣ ብዙ ጊዜ የሚሞተው ሊያወጣ የገባው ነው።"

ባንተአምላክ ተቀመጠ። ሁሴኖ እንደ ሹም ለብሶ በፊቱ ሲያልፍ፣ ጎማው ከኋላው ሲጎተት፣ ያ መግባት የእኔ ነበር እያለ ተቀመጠ።

በነሐሴ አንድ ቀን ሁሴኖ ውስጥ ሳለ መብራት ሄደ። ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ባንተአምላክ ገመዱን ሳበ፤ መልስ የለም። "ሁሴኖ!" ብሎ ጮኸ፤ መልስ የለም። የተከለከለውን ሁሉ ረሳና ነጠላውን አፉ ላይ ጠምጥሞ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ ሲያነሣ፣ ሁሴኖ ገበያ ውሎ እንደሚመለስ ሰው ቀስ ብሎ ወጣ። ራቅ ብሎ ጭንብሉን አወለቀና "አዩ ጋሽ ባንቴ፣ ሁለተኛው አየር ማለት ይህ ነው። እጄ ቁልፉ ላይ ስለነበር ነው ገመዱን ያልመለስኩልዎ" ብሎ ማብራሪያውን ጀመረ። መብራት ተመልሶ መጣ፣ ማብራሪያው ግን አላለቀም።

ባንተአምላክ እስኪመሽ ገመዱን ከእጁ አላስቀመጠም። መደንገጡን ግን ለራሱም አላመነም። የሚያንገበግበኝ የዚህ ሰው እርጋታ ነው አለ፤ እኔ ብሆን ከዚህም በላይ ተረጋግቼ እወጣ ነበር አለ።

በኅዳር ወይዘሮ ነቢላ እንደገና ጠሩት። "ለጭንብሉ ሁለተኛ ሰው ይሠልጥን ተብሏልና..."

"እሄዳለሁ!"

"ጺም ግን..."

"እላጨዋለሁ!"

ተላጨም። ወለተ ማርያም "ይሄን አገጭ ከሰርጋችን ወዲህ አይቼው አላውቅም፤ እንዲህ ትንሽ ነበር እንዴ?" ብላ ሳቀች። አዲስ ጃኬት ገዛ። ለእድሩ ሰው ሁሉ፣ ላልጠየቀውም ጭምር፣ ረቡዕ አዳማ ሠልጣኝ ሆኖ እንደሚገባና ዓርብ ሰርተፊኬት ይዞ እንደሚመለስ ተናገረ። ከዓርብ በኋላ ጭንብሉን በተራ ይለብሳል፤ ሁሴኖም በተራው ደጅ ቁጭ ብሎ ገመድ ይይዛል። ይህን እያሰበ በሚኒባሱ ውስጥ ለብቻው ፈገግ ይል ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጭንብሉን አጠለቀ። አሠልጣኙ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰና "በጣም ጥሩ ፊት ነው፣ ምንም አያሾልክም" አለ። ባንተአምላክ በደስታ መስታወቱን በትንፋሹ ሊያደበዝዘው ምንም አልቀረው። ከዚያ ለልምምድ ጉዳት የሌለው ጭስ ወደሞላበት ድንኳን አስገቡት። አየሩ በጎማ ቀዝቀዝ እያለ መጣ። በድንኳኑ የላስቲክ መስኮት አሻግሮ ሲያይ፣ ሞተሩ አጠገብ የተቀመጠው ከኦጎልቾ መጋዘን የመጣ የማያውቀው ሰው ነው። ሰውየው ገመዱን እግሩ ሥር ጥሎ ብርቱካን ይልጣል።

ባንተአምላክ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹን ሰው እጅ ላይ አስቀምጦ ነበር። የጎማው አየር ምንም ሳይጎድልበት፣ እጁ ሄዶ የማጣሪያውን ቁልፍ ያዘ። ልምምዱ እስኪያልቅም አልለቀቀውም።

ከድንኳኑ እንደወጣ ሁሴኖ ጋ ደወለ።

"ከጎበሳ የሚመጣው ስንዴ ቀድሞ ደረሰብን፤ በመርዝ የታሸገውን ሦስተኛውን ቤት ነገ ረፋድ ላይ እንከፍታለን" አለ ሁሴኖ።

"አየሩ ላይ ማን ይቀመጣል?"

"ቱሳ።"

"የጥበቃው ቱሳ?"

"ኤዬ። አሠልጥኜዋለሁ።"

ሐሙስ ጠዋት ሠልጣኞቹ ቁርስ ሲሰለፉ ባንተአምላክ ወደ አሰላ በሚመለስ ሚኒባስ ደራን አልፎ ነበር። ለእድሩ ምን እንደሚላቸው አያውቅም። መንገዱን ሙሉ ያሰበው የቱሳን ጥፋት ነው። ይተኛል። ስልክ ያወራል። ገመዱን ይጥለዋል። ኢተያ ላይ ሚኒባሱ ሰው ለመሙላት ቢቆም የባዶ ወንበሮቹን ሒሳብ ራሱ ከፈለ።

መጋዘኑ ሲደርስ ሁሴኖ ገብቷል፤ ቱሳም በቦታው አለ። አልተኛም። ስልኩን አጥፍቷል። ገመዱን መዳፉ ላይ ጠምጥሞ ዓይኑን ከበሩ አልነቀለም። ጎማውንም ጋሪ እንዳይረግጠው ግራና ቀኙን ድንጋይ ደርድሮለታል። ይህን ባንተአምላክ ራሱ አስቦት አያውቅም።

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አያቸው። በጭንብሉ ቀንቷል፣ በሥልጠናው ቀንቷል፣ በዚያ በተላጨ ፊት እንኳ ቀንቷል። እንዲህ ግን ቀንቶ አያውቅም።

"ተነሥ" አለው።

"ረኮ ህንቀቡ ጋሼ፣ ምንም ችግር የለም፣ ደህና ነው..."

"ደህና መሆኑን አይቻለሁ። ተነሥ።"

ቱሳ ተነሣ። ባንተአምላክ አዲሱን ጃኬቱን እንደለበሰ አቧራው ላይ ቁጭ አለና ገመዱን ያዘ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ አንዴ ተሳበ። እሱም አንዴ መለሰ። ገመዱ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ እንደገና፣ ያለ ምንም ምክንያት፣ አንዴ ተሳበ።

ሁሴኖ ሲወጣ ገና ጭንብሉን ሳያወልቅ ዓይኑ ሳቀ። "እርስዎ መሆንዎን አውቄያለሁ። ቱሳ ቀስ ብሎ ነው የሚመልሰው፤ እርስዎ ጥማድ በሬ እንደሚጎትት ነው። ሥልጠናውስ?"

"ሙቀቱ አልተስማማኝም።"

"ሰርተፊኬቱ እኮ ነገ ነው የሚሰጠው።"

"እኔ የአሰላን ቅዝቃዜ ነው የለመድኩት።"

ሁሴኖ ጭንብሉን እያበሰ ቆየ። ሥልጠናው ላይ ስለተባለው አንድም ነገር አላነሣም። ቱሳ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቱሳ ጎበዝ ነው፣ እንከን አይወጣለትም። ግን እሱ እያለ እጄ ከማጣሪያው ቁልፍ ላይ አይነሣም፤ በአንድ እጄ ነው የምሠራው። እርስዎ ደጅ ሲሆኑ ሁለተኛ አየር እንዳለኝም እረሳለሁ" አለው።

ባንተአምላክ የተላጨው ፊቱ እንዳይታይበት ጎንበስ ብሎ ጎማውን መጠቅለል ጀመረ። ቱሳ ሊያግዘው ከሌላው ጫፍ አነሣለት።

"ተው" አለው ባንተአምላክ። "እኔ እጠቀልለዋለሁ።"