የክቡር ሩክነቲን ቤይ ደጃፍ

አንካራ ውስጥ ዘመናዊ ሰው የማይኖርበት ፎቅ ቤት ካያችሁ፣ ግንባታው ገና አላለቀም ማለት ነው። ቧንቧው ይገባል፣ መብራቱ ይገባል፣ ማሞቂያው ይገባል፤ በመጨረሻ እሱ ይገባል። የእኛ ሕንፃ ዘመናዊ ሰው ክቡር ሩክነቲን ቤይ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ሹም።

እሳቸው ዘንድ ሥልጣኔ የሚጀምረው ከእግር ነው። «ዘመናዊ ሰው ቤት የሚገባው በጫማው ነው!» ይላሉ። የጎረቤት በር ላይ የተኮለኮለ ጫማ ካዩ አለቀልን። «ይሄ ሕንፃ ነው ወይስ መስጊድ?» እያሉ በየበሩ ያንኳኳሉ።

እኔ የማሞቂያ ባለሙያ ስለሆንኩ «ሳይም ኡስታ» ይሉኛል። ቤታቸው ባፈሰሰ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ። ዝገት የጠጣ ቦት ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል፣ «ምን መሆንህ ነው ኡስታ? ግባ እንጂ በጫማህ!» ይላሉ። አንድ እግሬን ሳነሳ ደግሞ ባለቤታቸው መላሃት ሃኒም ከወጥ ቤት፣ «ወንድሜ፣ ምንጣፌን ረግጠህ እንዳንጣላ!» እስቲ በአንድ እግሩ የቆመ ሰው የትኛውን ብሎን ይፍታ?

ባለፈው እሑድ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። ልጃቸውን ኒሉፈርን ለጋብቻ ሊጠይቁ እንግዶች ይመጣሉ። ልጅቷ ዮዝጋት ከሚባል ገጠር ከመጣ አንድ መምህር በቀር ሌላ አላገባም ብላለች። የመምህሩ አባት ዱርሙሽ አጋ ደግሞ ሆደ ባሻ ናቸው፤ ለታላቅ ልጃቸው ሊጠይቁ ከሄዱበት ቤት «ናቁን» ብለው ከደጅ ተመልሰዋል አሉ። እኔ የሳሎኑን ማሞቂያ አጥብቄ መፍቻዬን ስሰበስብ ደወሉ ጮኸ።

ዱርሙሽ አጋ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብለው የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ።

«ኧረ አጋ፣ በጫማዎ ይግቡ!» አሉ ሩክነቲን ቤይ።

«የሰው ምንጣፍ ልረግጥ? አላህ አያሳየኝ!»

«እዚህ ቤት ጫማ አይወልቅም!»

«እግርህ ይሸታል ለማለት ነው?»

ከኋላቸው የቆመው መምህሩ ለልጅቷ ያመጣውን ቸኮላት እንዳቀፈ ላብ አጠመቀው። ኒሉፈር ከወጥ ቤት በር ብቅ አለች፤ ፊቷ ኖራ መስሏል። «አባዬ፣ በናትህ» አለች።

ሩክነቲን ቤይ ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጫማ ፈቱ። ያንጊዜ ዱርሙሽ አጋ አቀርቅረው «ቤቱ የሳቸው ነው፣ ምን ይደረግ» እያሉ ክራቸውን መልሰው ያስሩ ነበር። ሁለቱም ቀና ሲሉ እንግዳው በጫማ፣ ዘመናዊው በካልሲ!

ካልሲውስ? በእጅ የተሠራ፣ ቀይ ጥለት ያለው ወፍራም የገጠር ሱፍ።

«ይሄን ጥለትማ የኛ ሴቶች ናቸው የሚሠሩት!» አሉ ዱርሙሽ አጋ። «የማን ልጅ ነዎት?»

«እኔም የዮዝጋት ነኝ፤ የወፍጮ ቤቱ የሳትልሚሽ ልጅ» አሉ ሩክነቲን ቤይ፣ ድምፃቸው ወርዶ። ይህን የአባታቸውን ስም አንካራ ውስጥ ከአፋቸው የሰማ ያለ አይመስለኝም።

ዱርሙሽ አጋ ወንበር እንኳ አልጠበቁም። «በአላህ ትእዛዝ፣ በነቢዩ ቃል፣ ልጅዎን ኒሉፈርን ለልጃችን ይስጡን።»

«ልጆቹ ተስማምተዋል፤ ለኛ የቀረው...» ብለው ጀመሩ ሩክነቲን ቤይ፤ መጨረስ አቃታቸው። ዓይናቸው ሞላ። ስንት ዓመት ያቃጠሉኝን ሰውዬ እንደዚያ ሳይ ሆዴ ባባ፤ ከኪሴ ጨርቅ አውጥቼ አቀበልኳቸው። የቧንቧ ቅባት ማበሻዬ መሆኑን ያወቅኩት ጉንጫቸው ሲጠቁር ነው።

«ኸይር ይሁን ማለት ነው» ብለው ጨረሱ፤ ፊታቸው እንደ ጭስ ማውጫ ጠቁሮ። ማንም አልሳቀባቸውም። የሚስቅ ቢኖር፣ መፍቻው በእጄ ነበር።