የጉልበት ሥራ

ሙላቱ፦ የአንዲት አሮጌ ጭነት መኪና ባለቤት፣ ሾፌርም መካኒክም።
ፈንታው፦ የመኪናዋ ጫኝ፤ ሲመሽ ሯጭ።

[መርሳ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ 1963 ዓ.ም.፣ ዓርብ ጠዋት። መኪናዋ ቆማለች፤ ከጎኗ አርባ ጆንያ ማሽላ ተደርድሯል። ፈንታው መርገጫው ላይ ተቀምጦ ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቧል። ሙላቱ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ አንዱን ጉልበት ጨብጦ ይዟል።]

ሙላቱ፦ ቀኙ ነው!

ፈንታው፦ ኧረ ግራው ነው ጋሼ።

ሙላቱ፦ የያዝኩት በየትኛው እጄ ነው?

ፈንታው፦ በቀኝዎ።

ሙላቱ፦ በቀኝ እጄ የያዝኩት ጉልበት እንዴት አድርጎ ግራ ይሆናል?

ፈንታው፦ ዞረው አጠገቤ ቢቀመጡ እኮ…

ሙላቱ፦ ሃያ ዓመት መኪና ስፈታ ዞሬ አላውቅም! ግራና ቀኝ የሚለየው በሾፌሩ ነው።

ፈንታው፦ የዚህ ጉልበት ሾፌር ማነው ታዲያ?

ሙላቱ፦ [ድምፁን ከፍ አድርጎ] አጠፍ ዘርጋ አድርገው! [ጉልበቱ ቀጭ አለ] ይኸው! ግሪስ ጨርሷል።

ፈንታው፦ እህ… ግሪሱ በየት ነው የሚገባው?

ሙላቱ፦ በአፍ። ሥጋ ብላ፣ ቅቤ ብላ።

ፈንታው፦ እስከ ፋሲካ ገና አርባ ቀን አለ።

ሙላቱ፦ እንግዲያው እስከ ፋሲካ አትሩጥ። እኔ አልነገርኩህም ነበር? ሰው ሳያሳድደው የሚሮጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? ትናንት ሲሪንቃ ድረስ ሄደህ መጣህ አሉ። ሲሪንቃ ምን ጠፋብህ?

ፈንታው፦ ምንም።

ሙላቱ፦ ምን ይዘህ መጣህ?

ፈንታው፦ ምንም።

ሙላቱ፦ ባዶህን ሄደህ ባዶህን መጣህ። እኔ መኪናዬን እንደዚያ ብነዳ እብድ ነው ይሉኛል።

ፈንታው፦ የእሑዱ ውድድር እኮ በዚያው መንገድ ነው። ከመርሳ ሲሪንቃ። ከአንድ እስከ ሦስት የወጣው አውራጃውን ወክሎ ደሴ ይሄዳል። ደሴ ላይ ደህና የሮጠውን ደግሞ ፖሊሶቹ ለቡድናቸው ይወስዱታል። ምዝገባው ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል ጋሼ።

[ሙላቱ ጆንያዎቹን አየ። በመርሳ ኩንታል አንሥቶ ጣውላ ላይ ሽቅብ የሚወጣ ጫኝ ሞልቷል፤ እንደ ፈንታው ሳያጉረመርም የሚወጣ ግን የለም። ፖሊስ ወሰደው ማለት መኪናዋ ቆመች ማለት ነው።]

ሙላቱ፦ በዚህ ጉልበት? አይታሰብም! ሐኪም አይተሃል?

ፈንታው፦ ድሬሰር አብዱልሐሊም ዘንድ ሄጄ ነበር። ወረቀት ሰጥቶኛል። [ከኪሱ አወጣ]

ሙላቱ፦ አምጣ። [ያነባል] «ከዛሬ ጀምሮ ለሰባት ቀን የጉልበት ሥራ እንዳይሠራ።» አላልኩህም? እኔ ያልኩትን ነው የጻፈው!

ፈንታው፦ ጆንያ አትሸከም ማለቱ መስሎኝ።

ሙላቱ፦ ጆንያ የሚል የት አለ? ጣትህን አኑርበትና አሳየኝ።

ፈንታው፦ የለም።

ሙላቱ፦ ጆንያ የትከሻ ሥራ ነው። የጉልበት ሥራ ምንድን ነው? መታጠፍና መዘርጋት። መታጠፍና መዘርጋት የሚበዛው የት ነው? ሩጫ ላይ! አማርኛህን አታውቅም እንዴ?

ፈንታው፦ እንደሱ ነው? እኔ ድንጋይ ራስ። ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ ጉልበቴን አላጥፍም ማለት ነው?

ሙላቱ፦ አታጥፍም።

ፈንታው፦ [እግሩን እንደ እንጨት ዘርግቶ ተነሣ] እንዴት ልቀመጥ?

ሙላቱ፦ አትቀመጥ።

ፈንታው፦ ስግደትስ? ጾም ነው እኮ።

ሙላቱ፦ በልብህ ስገድ።

ፈንታው፦ ሜዳ ስወጣስ?

ሙላቱ፦ ምን?

ፈንታው፦ ሜዳ… ጠዋት ጠዋት… ከቁጥቋጦው ጀርባ…

ሙላቱ፦ ዛፍ ይዘህ! ምነው ሁሉን ነገር እኔ ላስብልህ?

ፈንታው፦ እሺ። ጆንያውን ከመሬት ሳነሣውስ?

ሙላቱ፦ በወገብህ ነው የምታነሣው።

ፈንታው፦ ጣውላው ላይ ስወጣ?

ሙላቱ፦ በባትህ።

ፈንታው፦ ይኼን ጊዜ ጉልበቴ ምን ያደርጋል?

ሙላቱ፦ ዝም ብሎ ይታዘባል! በል ተንቀሳቀስ፤ እስከ ስድስት ሰዓት አርባው መጫን አለበት።

[ፈንታው የደረቀ እግሩን እየጎተተ ወደ ጆንያው ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ሙላቱ ይህን አቋቋም ያውቀዋል፤ ሌላ ጥያቄ እየመጣ ነው።]

ፈንታው፦ ጋሼ፣ ድሬሰሩ ግን ሌላም ነገር ብሎኛል።

ሙላቱ፦ ምን አለ?

ፈንታው፦ «ሩጫውን ቀነስ አድርግ እንጂ አታቁም። አስፋልቱን ተውና አፈር አፈሩን ያዝ። እርምጃህን አሳጥር። ካበጠ ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ውስጥ ንከረው። ሸክሙን ከተውክ ለእሑድ ይሻልሃል» አለኝ።

ሙላቱ፦ ከንቱ ወሬ ነው! እሱ መርፌ መውጋት እንጂ ምን ያውቃል?

ፈንታው፦ እኔም «ጋሽ ሙላቱን ልጠይቅ» አልኩት።

ሙላቱ፦ ደግ አደረግህ። ምን አለ ታዲያ?

ፈንታው፦ ይቅርብኝ፤ አልናገርም።

ሙላቱ፦ ተናገር!

ፈንታው፦ «ብረት ቀጥቃጭ ስለ ጉልበት ምን ያውቃል?» አለ።

[ሙላቱ ከኪሱ መፍቻ መዝዞ መሬት ላይ ወረወረው። ብረት ቀጥቃጭ! ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የቀረ መኪና ሁሉ «ሙላቱን ጥሩልኝ» ሲል ነው የኖረው።]

ሙላቱ፦ ና ወዲህ! ጎንበስ በል! ከጎማው በላይ የተነባበረው ብረት ምንድን ነው?

ፈንታው፦ መጎንበስ ተከልክያለሁ።

ሙላቱ፦ ፈቅጄልሃለሁ!

ፈንታው፦ [ጎንበስ ብሎ] ባሌስትራ።

ሙላቱ፦ ባሌስትራ! የመኪና ጉልበት ማለት እሱ ነው። መንገዱ ሲያነሣ ያነሣል፣ ሲጥል ይጥላል። ከሱ በላይ ጉልበት የሚያውቅ ድሬሰር የት አለ?

ፈንታው፦ ይሄ ብረት ይሰበራል?

ሙላቱ፦ እንዴት አይሰበር!

ፈንታው፦ ብዙ ሲሮጥ?

ሙላቱ፦ [ከልቡ ሳቀ] አይ ሞኞ! በሩጫ የተሰበረ ባሌስትራ አይተህ ታውቃለህ? ባዶ መኪና አስመራ ደርሳ ብትመለስ ሲጥ አትልም! እንዲያውም ሳትሄድ ስትቆም ነው ዝገት የሚይዛት።

ፈንታው፦ አስፋልቱ ላይ ሰብረን የቆምን ጊዜስ? ሮጠን አይደለም እንዴ?

ሙላቱ፦ ጭነን ነው እንጂ! ከልክ በላይ ሃያ ኩንታል ጨመርንባት፤ ረሳኸው? ባሌስትራ የሚገድለው ጭነት ነው። ጭነት! ሁለተኛ ጭነት። ሦስተኛም ጭነት።

ፈንታው፦ ኧረ! ይኼን ድሬሰሩ አያውቅም።

ሙላቱ፦ ከየት አባቱ ያውቀዋል?

ፈንታው፦ ሄጄ ልንገረው ይሆን? ግን እኔ እዚያ እስክደርስ እረሳዋለሁ። አገላብጬም እናገረዋለሁ። በእርስዎ ስም ያልተናገሩትን ብናገር…

ሙላቱ፦ አትናገርብኝ! እኔው እጽፈዋለሁ። እስክሪብቶ አምጣ።

[የድሬሰሩን ወረቀት ገልብጦ ኮፈኑ ላይ ዘረጋው። ለመጻፍ ይህን ያህል ቸኩሎ አያውቅም። እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነባል።]

ሙላቱ፦ «ጉልበት ማለት ባሌስትራ ነው። የሚጎዳው ጭነት ነው። ባዶውን ቢሮጥ አንዳች አይነካውም።» እስቲ ይኼን ይመልስ!

ፈንታው፦ የማን ጉልበት ነው ቢለኝስ? ክፉ ሰው ነው፤ ያገኛትን ቀዳዳ አይለቅም።

ሙላቱ፦ «የጫኜ የፈንታው ጉልበት።» በቃ?

ፈንታው፦ መድኃኒቱን አልጻፉትም። በሽታውን ብቻ ማወቅ ማንም ያውቃል ይልዎታል።

ሙላቱ፦ «ስለዚህ ጭነቱ ይነሣለትና ይሩጥ።» ይኸው መድኃኒቱ!

ፈንታው፦ ማን ጻፈው ቢል?

ሙላቱ፦ [ፈረመ] «ሙላቱ፣ የመኪናው ባለቤትና መካኒክ።»

ፈንታው፦ ማኅተም የሌለው ወረቀት…

ሙላቱ፦ ማኅተም? እንካ ማኅተም! [ግሪስ የጠገበ አውራ ጣቱን ፊርማው ላይ ተጫነው]

[ፈንታው ወረቀቱን እፍ እፍ አለበት፤ በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ የደረቀውን እግሩን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ደግሞ አጠፈ። ሙላቱ በደስታ ተሞልቶ ነበር፤ ዓይኑ ጆንያው ላይ እስኪያርፍ ድረስ።]

ሙላቱ፦ መጀመሪያ ጫን፤ ወደ ድሬሰሩ በኋላ ትሄዳለህ።

ፈንታው፦ ወደ ድሬሰሩ አይደለም የምሄደው።

ሙላቱ፦ ወዴት ነው ታዲያ?

ፈንታው፦ ወደ ምዝገባው። ጸሐፊው ትናንት መለሰኝ። «ሰው ዘንድ ተቀጥረህ የምትሠራ ከሆነ፣ ከሥራ ነፃ ነው፣ ይሩጥ የሚል የአሠሪህን ፊርማ አምጣ» አለኝ። እንዴት ብዬ እንደምጠይቅዎት ጨንቆኝ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሙላቱ፦ [ቀስ ብሎ] እኔ እኮ… ስለ መኪና ነው ያወራሁት።

ፈንታው፦ ወረቀቱ ፈንታው ነው የሚለው።

ሙላቱ፦ ብረት ቀጥቃጭ ያለኝ ድሬሰርስ?

ፈንታው፦ እሱ እንኳን «ጋሽ ሙላቱን ሰላም በልልኝ» ነው ያለኝ።

ሙላቱ፦ አንተ! አምጣ ያን ወረቀት!

ፈንታው፦ [ከአስፋልቱ ወርዶ አፈሩን ያዘ፤ እርምጃውን አሳጥሮ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ] ጽሕፈት ቤቱ በር ሳልደርስ ከያዙኝ እመልስልዎታለሁ ጋሼ!

[ሙላቱ ሮጠ። መንገዱ ዳር እስካለው ሻይ ቤት ደረሰና ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ተክሎ ቆመ፤ ትንፋሹ አልመለስ አለው። ዞሮ አርባውን ጆንያ አየ። ደግሞ ፈንታውን አየ። እየራቀ ነው፤ አያነክስም፤ ትከሻው ላይ ምንም የለም። ያለ ጆንያ ሲሄድ ሙላቱ ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር። ሻይ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡት ሰዎች ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ያዩታል።]

ሙላቱ፦ [ለሰዎቹ] ምን ታያላችሁ? የኔ ጫኝ ነው! [እጁን አፉ ላይ አድርጎ] ፈንታው!

ፈንታው፦ [ከሩቅ] አቤት!

ሙላቱ፦ ደሴ ላይ አሠልጣኝህ ማነው ካሉህ፣ ስሜን እንዳትረሳ!

ፈንታው፦ እንዴት እረሳለሁ ጋሼ! ፈርመውበታል እኮ!